የእጅ ጂፒኤስና የገበሬው ወሰን

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ የሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ አካባቢ ከተማና እርሻ ለብዙ ዓመታት ተጎራብተው የኖሩበት ነው። እንዲህ ባለ ሥፍራ የመሬት ልኬት የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። መሬት ለሕዝብ ጥቅም በሚለቀቅበት ጊዜ ካሣው ከስፋቱ ጋር ስለሚያያዝ፣ አንድ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑ በገበሬው ቤተሰብ ኑሮ ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። ስለሆነም ለልኬት በሚወጡ ሠራተኞች እጅ የሚታየው አነስተኛ የጂፒኤስ መሣሪያ ምን ያህል እንደሚታመን ማወቅ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች አስፈላጊ ነው።

መሣሪያው ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚላከውን የሬድዮ ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ሥፍራ ያሰላል። የአሜሪካ መንግሥት ሆን ብሎ ያደርገው የነበረውን የምልክት ማዛባት በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ እስከ 100 ሜትር ይደርስ የነበረው ስህተት በእጅጉ ቀንሷል። ይሁን እንጂ ተራው የእጅ መሣሪያ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ሜዳ እንኳ ከ3 እስከ 10 ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ባሕር ዛፍ ሥር ወይም ከቆርቆሮ ቤት አጠገብ ሲሆን ደግሞ ስህተቱ ይብሳል።

የዚህን ትርጉም በቁጥር ማየት ይቻላል። ርዝመቱ 50፣ ወርዱም 50 ሜትር የሆነ ማሳ 2,500 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ነው። መሣሪያው አራቱንም ጎን 3 ሜትር ወደ ውስጥ ቢያስገባ ማሳው 44 በ44 ሆኖ 1,936 ካሬ ሜትር ብቻ ይመዘገባል። የጎደለው 564 ካሬ ሜትር ከማሳው አምስት እጅ ከአንዱ እጅ ይበልጣል። በእርግጥ ይህ የከፋው ሁኔታ ነው። አራቱ ማዕዘኖች በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተለኩ ስህተቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያዘነብል ስፋቱ ብዙም አይጎዳም። ነገር ግን ማሳው በሙሉ ተንሸራቶ በጎረቤት መሬት ላይ ይወድቃል። በሌላ ቀን የሚመጣ ሌላ ቀያሽ ሌላ ወሰን የሚያገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስህተቱን ለመቀነስ በውጭ አገር የተዘረጋ ዘዴ አለ። ሥፍራቸው በትክክል በሚታወቅ ቦታዎች ላይ የተተከሉ ጣቢያዎች የሳተላይቶቹን ስህተት እያሰሉ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወዳለ ሌላ ሳተላይት ይልካሉ። ይህም ሳተላይት እርማቱን መልሶ ያሰራጫል። እርማቱን መቀበል የሚችል የእጅ መሣሪያ ስህተቱ ከ1 እስከ 3 ሜትር ወደሚሆን ደረጃ ይወርዳል። የአሜሪካው ዋስ የተባለው አገልግሎት በ1995 ዓ.ም.፣ የአውሮፓው ኤግኖስ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። ህንድም ጋጋን የተባለ የራሷ አገልግሎት አላት።

ታዲያ እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ዋና ነገር፣ የሳተላይቱ ድምፅ መሰማቱ እርማቱ ለእኛ አገር ተሠርቷል ማለት አለመሆኑ ነው። ኤግኖስ የአየሩን ሁኔታ የሚለካው ለአውሮፓና ለአካባቢው፣ ጋጋን ደግሞ ለህንድ ነው። በባሕር ዳር የተለካ ዝናብ የኮልፌን ማሳ እርጥበት እንደማይናገር ሁሉ፣ በሌላ ሰማይ ሥር የተሰላ እርማትም ለኢትዮጵያ ዋስትና አይሆንም። ከዚህም በላይ የመግነጢስ ወገብ የሚባለው መሥመር በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ፣ የላይኛው አየር በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብዙ ጊዜ ይታወካል። ስለዚህ በመሣሪያው መስታወት ላይ እርማት መቀበሉን የሚያመለክተው «ዲ» ፊደል ቢታይ እንኳ ለወሰን ማስከበሪያ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው እርማት የሚመጣው ከቅርብ ነው። አንድ መሣሪያ በታወቀ ነጥብ ላይ ይቆማል፤ ሌላው በማሳው ወሰን ላይ ይዞራል፤ የሁለቱ ንጽጽር ስህተቱን ወደ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያወርደዋል። ይህ ግን ለቅየሳ የተሠራ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። በገጠር ደግሞ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል ከ2006 እስከ 2013 ዓ.ም. በተካሄደው የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ምዝገባ፣ ወሰኖች በአየር ፎቶግራፍና በሳተላይት ምስል ላይ የተሠመሩት ገበሬውና አዋሳኞቹ በሥፍራው ተገኝተው እያሳዩ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። የአገራችን ነባር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው መነሻ ሲሆን ጂፒኤስ የሚሠራው በሌላ መነሻ ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ አንዱ ነጥብ ከሌላው ከ200 ሜትር በላይ ይርቃል። ይህን የትኛውም የሳተላይት እርማት አያስተካክለውም።

ይህ ሁሉ ሲባል የእጅ ጂፒኤስ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ምንጭን፣ የችግኝ ጣቢያን፣ የእርከን ሥራንና የደን ክልልን ለመመዝገብ ይበቃል። በ1967ቱ አዋጅ አንድ የገበሬ ማኅበር የሚቋቋምበት ዝቅተኛ ስፋት 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር ነበር፤ በዚያ ስፋት ላይ 3 ሜትር ከቁጥር አይገባም። በሩብ ሄክታር ላይ ግን እንጀራ ነው።

ስለሆነም ልኬት በሚካሄድበት ዕለት መሪዎች ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይኖርባቸዋል። መሣሪያው የእጅ ነው ወይስ የቅየሳ? እርማቱን የሚያገኘው ከየትኛው ነጥብ ነው? ቁጥሩ የተመዘገበው በየትኛው የካርታ መነሻ ነው? መልሱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። አዋሳኞች ሳይገኙ ልኬት አይጀመር፤ የወሰን ድንጋይም ልኬቱ እስኪጸድቅ ከቦታው አይነሣ። ካርታው ለሕዝብ እይታ በሚለጠፍበት ጊዜ ደግሞ መበለቶችና አቅመ ደካሞች ጭምር ማሳቸውን አይተው እንዲያረጋግጡ መሪዎች ቤት ለቤት ማስታወቅ ይገባቸዋል። ቅሬታ ከደብተር በፊት ሲቀርብ በአንድ ቀን ይታረማል፤ ከደብተር በኋላ ሲቀርብ ግን የፍርድ ቤት ጉዳይ ይሆናል።