ሰማዩንስ ማን ደበቀብን?

ጎበዝ! ዘይትና ስኳር ሲደበቁ ነጋዴውን እናማለን። ሰማይ ሲደበቅብንስ ማንን እንጠይቅ?

ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሰኞ ምሽት፣ ሠፈራችን መብራት ጠፍቶ ነበር። ሻማ ልገዛ ስወጣ ባለሱቁ ትንሿ ልጁን አቅፎ ወደ ደቡብ ምዕራብ አንጋጧል። ከጣሪያዎቹ በላይ ሁለት ኮከብ የመሰሉ ነገሮች ተጣብቀው ያበራሉ። "ጋሼ፣ ድሮን ነው እንዴ?" አለኝ። ጊዜው የጦርነት ነበርና አልፈረድኩበትም። ለነገሩ እኔም መልስ አልነበረኝም።

ቤት ገብቼ ስልኬን ስጎረጉር ነው ጁፒተርና ሳተርን መሆናቸውን ያወቅሁት። አውደ ነገሥት ገላጮች መሽተሪና ዙሐል የሚሏቸው ናቸው። ጁፒተር ፀሐይን በ12 ዓመት ገደማ ይዞራል፤ ሳተርን 29 ዓመት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ፈጣኑ ዘገምተኛውን በየ20 ዓመቱ ይደርስበታል። ብዙውን ጊዜ ራቅ ብለው ይተላለፋሉ። ያን ዕለት ግን በመካከላቸው የታየው ክፍተት የሙሉ ጨረቃን ስፋት አንድ አምስተኛ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1623 እንዲሁ ተጠጋግተው የፀሐይ ብርሃን ጋረዳቸው። እንዲህ ተጠጋግተው በደንብ የታዩት በ1226 ነው፤ በዛጉዬ ነገሥታት ዘመን ማለት ነው! (እውነቱን ለመናገር ከ700 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ተራርቀዋል። ለካሜራ የሚተቃቀፉ ፖለቲከኞቻችንን አስታወሱኝ።)

እኔን ያናደደኝ ታዲያ ሌላ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. አምስት ፕላኔቶች ከፀሐይና ከጨረቃ ጋር በአንድ አቅጣጫ ሲሰበሰቡ፣ የዋልታ በረዶ ተንሸራቶ ዓለም ትጠፋለች የሚል መጽሐፍ ሳይቀር አሜሪካ ውስጥ ታትሞ ነበር። ዓለም አልጠፋችም። ፕላኔቶቹም በፀሐይ ብርሃን ተውጠው አልታዩም። እንግዲህ ላልታየው ነገር ለዓመታት ተወራ፤ በባዶ ዓይን የሚታየው ግን እኛ ሠፈር ያለ ወሬ መጥቶ አለፈ። ለምን? የፕላኔቶች ቀን ከመቶ ዓመት በፊት ተሰልቶ የሚታወቅ ነው፤ የመንግሥት ምስጢር አይደለም። ሪባን ሲቆረጥ ግማሽ ሰዓት የሚያሳይ ቴሌቪዥን "ዛሬ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተመልከቱ" ለማለት አንድ ደቂቃ ያጣል? እኛ ጋዜጠኞችስ ምን እንሠራ ነበር? እንጦጦ ላይ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ እሰየው ነው። ለዚህኛው ግን ቴሌስኮፕም አያስፈልግ፣ ወረፋም የለው፣ የቀበሌ ደብዳቤም አይጠየቅበት። ቀድሞ የሚነግር ሰው ብቻ ነበር የጠፋው።

በ2033 ዓ.ም. እንደገና ይገናኛሉ፤ ግን እንደዚያ አይጠጋጉም። ልክ እንደዚያ ምሽት የሚጠጋጉት መጋቢት 6 ቀን 2072 ዓ.ም.፣ ከንጋት በፊት ነው። የባለሱቁ ልጅ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ 66 ሲሞላት መሆኑ ነው። ቀኑን በደብተሯ ሽፋን ላይ ጽፌላታለሁ።