«እባክዎ ይጠብቁ» ስንት ደቂቃ ነው?

ባለፈው ወር የልጅ ልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ በስልኬ ልከፍል ተቀመጥኩ። የምስጢር ቁጥሬን አስገብቼ «ላክ» የሚለውን ስነካ አንዲት ክብ መሽከርከር ጀመረች፤ ከሥሯ «እባክዎ ይጠብቁ» ይላል። ጠበቅኩ። እስከ መቼ እንደምጠብቅ የነገረኝ ግን የለም። ትዕግሥቴ ሲያልቅ ወጥቼ እንደገና ላክሁ። ማታ ሁለት መልእክት ገባ፤ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ተቆርጧል። እስኪመለስልኝ የወሩን አስቤዛ በብድር ገዛሁ።

ተናድጄ ሳለ ድሮ ክሊኒክ ውስጥ እኛም ይህንኑ እናደርግ እንደነበር ትዝ አለኝ። ልጁን ይዞ የመጣ አባት ሲጠይቀን «ትንሽ ታገሥ» ብለን እናልፋለን። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። «የደም ምርመራው አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ እስከዚያ እናቱ ጡት ታጥባው፤ ካንቀጠቀጠው ግን ወዲያው ጥሩኝ» ስንለው ቁጭ ይላል። ሰዓቱ አላጠረም፤ ጭንቀቱ ግን ቀለለ። ውጤቱ ከዘገየም ወጥቶ መንገር ነው። ሰው መዘግየትን ይችላል፤ መረሳትን አይችልም።

የኮምፒውተር አጠቃቀም ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ምላሽ ከ1 ሰከንድ ሲዘገይ የሰው የሐሳብ ፍሰት እንደሚቋረጥ፣ ከ10 ሰከንድ ሲያልፍ ደግሞ ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር እንደሚሄድ ጽፏል። ስለዚህ ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ሊነገረው ይገባል።

ልጆቻችሁ በዚህ ሙያ ካሉ አደራ በሏቸው። «ትእዛዝዎ ደርሶናል፤ እስከ 2 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፤ ደግመው አይላኩ» ብሎ መጻፍ አይከብድም። ጊዜው የማይታወቅ ከሆነም «ኔትወርክ ተጨናንቋል፤ ውጤቱን በመልእክት እናሳውቅዎታለን» ይበሉ። ለማጽናናት ብሎ የውሸት ደቂቃ መጻፍ ግን ከዝምታም ይብሳል።

እኛ ደግሞ ክቧ ስትሽከረከር ቶሎ ደግመን አንላክ። መጀመሪያ ቀሪ ሂሳባችንንና የላክናቸውን ክፍያዎች ዝርዝር እንይ። ግልጽ ካልሆነልን ወደ ባንኩ እንደውል። የምስጢር ቁጥራችንን ግን «ልርዳዎት» ለሚለንም ቢሆን አንስጥ።