ሉኦያንግ ስሙን ሲቀይር ድንበሩ ምን አገኘ?

ቻይናን በፈረስ የወረረ ሁሉ ውሎ አድሮ ቻይናዊ ሆኖ ይቀራል ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው፤ ከወራሪዎቹ መካከል ማን ተለወጠ፣ ማንስ ተጠቀመ የሚለውን ግን ይዘለዋል።

የሰሜን ዌይ ሥርወ መንግሥትን የመሠረቱት ከሰሜኑ የሣር ሜዳ የመጡ፣ ሺያንቤይ የሚባሉ ፈረሰኞች ናቸው። ንጉሣዊው ቤተሰብ ቱኦባ ይባል ነበር። ንጉሠ ነገሥት ሺያኦወን እ.ኤ.አ. ከ493 ጀምሮ መናገሻውን ከፒንግቼንግ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሉኦያንግ አዛወረ። የሺያንቤይን ልብስ ከለከለ። በ495 ከ30 ዓመት በታች የሆኑ ሹማምንት በቤተ መንግሥት የአባቶቻቸውን ቋንቋ ከተናገሩ ከሹመታቸው ዝቅ እንዲሉ አዘዘ። በ496 ቱኦባ የሚለው ስም ዩዋን ሆነ፤ ሌሎቹም ቤተሰቦች የቻይና ስም ወሰዱ።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በቻይና የቤተሰብ ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ይወርዳል፤ በዚያ ዘመን ሹመትም ጋብቻም የሚወሰነው በቤተሰብ ደረጃ ነበር። ሺያኦወን 8 የሺያንቤይ ቤተሰቦችን ከታላላቆቹ የቻይና ባላባቶች እኩል አደረጋቸው። ለእነርሱ አዲሱ ስም የሹመት በር ከፈተ።

በሰሜን ድንበር ያሉት ስድስቱ የጦር ሰፈሮች ግን በሩ አልተከፈተላቸውም። ቀድሞ ድንበር መጠበቅ ክብር ነበር። መናገሻው ከራቀ በኋላ ወታደሮቹ የእንጀራ ልጅ ሆኑ፤ ሰፈሮቹም የወንጀለኞች መጋዣ ሆኑ። በ520ዎቹ አመፁ። በ528 የጦር አዛዡ አርዡ ሮንግ ከአንድ ሺህ በላይ መኳንንትና ሹማምንት በቢጫ ወንዝ አጠገብ አስፈጀ። በ534 መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በምዕራቡ ክፍል ሥልጣን የያዘው ዩዌን ታይ ለቻይናውያን የጦር አዛዦች የሺያንቤይ ስም ሰጠ፤ ያንግ ዦንግ ፑሊዩሩ፣ ሊ ሁ ዳዬ ተባሉ። የያንግ ዦንግ ልጅ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመልሶ በ581 የሱይን፣ የሊ ሁ የልጅ ልጅም በ618 የታንግን ሥርወ መንግሥት መሠረተ።

ስለዚህ የሰሜን ዌይን ውድቀት በቻይና ባህል ብቻ ማሳበብ ስህተት ነው። ሌላ ቋንቋ መማር መንግሥት አያፈርስም። ያፈረሰው፣ ለውጡ በመናገሻው ላሉት ሹመት፣ በድንበር ላሉት ደግሞ ውርደት ሆኖ መድረሱ ነው። ሺያኦወን አብዛኛውን ነገር በአዋጅ መለወጥ ችሏል፤ ድንበሩን የሚጠብቁለትን ሰዎች ግን ረስቷቸዋል።