ሳይቃጠል በቅጠል

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፥ ደሴም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለ ሆኑ፥ በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ዐቀበት የመኪናውን ጤንነት የነጂውንም ትዕግሥት የሚፈትን ነው። የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ንግድ እስከ ተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፥ ሕዝቡ ኤንትሬ እያለ የሚጠራቸው የፊያት መኪኖች ከአሰብ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ደርሰው፥ ወደ ሰሜን የሚያልፉት ይህንኑ ዐቀበት ሲወጡ ኑረዋል። ዛሬም ዕድሜ የጠገበ መኪና ከሐረጎ ጥግ ቁሞ፥ ከራዲያተሩ እንፋሎት ሲወጣ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

የዚህ ነገር ምክንያቱ የታወቀ ነው። ከባድ ጭነት የያዘ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ በብርቱ ይሠራል፤ መኪናው ግን በዝግታ ስለሚሄድ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ከፍታው በጨመረ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ ውሃም ፈጥኖ ይፈላል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጥሩ የራዲያተር ክዳን እንፋሎቱን አፍኖ የመፍያውን ልክ ከ10 ዲግሪ በላይ ከፍ ሊያደርገው ሲችል፥ ጎማው ያለቀ ወይም በጨርቅ የተወተፈ ክዳን ግን ይህን ጥቅም ያስቀራል።

እንግዲህ የሙቀቱ መርፌ ከፍ ባለ ጊዜ ነጂው ከጥምዝ ርቆ፥ ለሌላው መኪና በሚታይ ስፍራ ሊቆም፥ የእጅ ፍሬኑን ይዞ ለጎማውም ድንጋይ ሊያስደግፍ ይገባል። ውሃው ካልፈሰሰ ሞተሩን ያለ ጭነት ጥቂት ደቂቃ ማሠራት ይረዳል፤ ውሃው ከፈሰሰ ግን ወዲያው ማጥፋት ነው። ክዳኑን ሞተሩ እንደ ጋለ የሚከፍት ሰው ፊቱንና እጁን ያቃጥላል። በጋለ ሞተርም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ የሚያፈስ ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ መታገሥ፥ ሲበርድም ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ መፍታት፥ ውሃውንም በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ምርመራው በቅደም ተከተል ይሁን። መኪናው የሚግለው በዐቀበት ብቻ እንደ ሆነ፥ ጭነቱን፥ የቬንቲላተሩን ቺንጋ፥ በራዲያተሩ ፊት የተከማቸውን አቧራና ገለባ መመልከት ነው። በሜዳም የሚግል ከሆነ ግን ውሃው በሚገባ አይዘዋወርም ማለት ነው፤ ፓምፑን፥ ቴርሞስታቱን፥ የታችኛውን ቱቦ፥ በራዲያተሩም ውስጥ የተጋገረውን ዝቃጭ መመርመር ይገባል። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መድኃኒት የሚመስለው ብዙ ነው፤ ነገር ግን በአንዳንድ ሞተር ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ እንዲዞር ስለሚያደርግ፥ ግለቱን ያብሰዋል። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ፥ በራዲያተሩም አፍ አረፋ ሲወጣ ቢታይ፥ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ያስረዳልና፥ ውሃ እየጨመሩ መንገድ መቀጠል ሞተሩን መግደል ነው።

ይህን ሁሉ ከነጂዎች ብዙዎቹ ያውቁታል። ዐውቀውም የማይፈጽሙት ስንፍና ይዟቸው ሳይሆን፥ ባለ መኪናው ስለ ዘገየው ሰዓት ይቈጣል፥ ከደመወዝም ይቀንሳል ብለው ስለሚፈሩ ነው። ባለ መኪናው አንዲት ቺንጋ በጊዜ ለመለወጥ ሳስቶ፥ በኋላ ለሙሉ ሞተር ሲከፍል ይታያል። ይህ ግን የገንዘብ ጉዳት ብቻ ነው። ጉም በወረደበት የክረምት ቀን ከጥምዝ ላይ የቆመ መኪና ለኋለኛው መኪና ወጥመድ ነውና፥ የአንዱ ቸልተኝነት ምንም ያልበደለውን መንገደኛ ሕይወት ያስከፍላል።

ስለዚህ የመኪና ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉ ሹማምንት መብራትንና ፍሬንን እንደሚመለከቱ ሁሉ፥ ራዲያተሩን፥ ክዳኑን፥ ቺንጋውንም በጥንቃቄ ቢመለከቱ፤ መንገዱን የሚጠብቁትም በዐቀበቱ አጋማሽ ውሃ የሚገኝበት ሰፊ መቆሚያ ቢያዘጋጁ፥ ድካሙ ጥቂት ሁኖ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል። ባለ መኪናዎችም ለነጂው የግማሽ ሰዓት ዕረፍት መፍቀድ ኪሳራ እንዳይደለ ይገንዘቡ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት እሳት ቢሆንም፥ ለሞተርም የሚበቃ ምክር ነው።