ከመለወጥ በፊት መለካት

አንድ መኪና ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላም ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ቤንዚንም ከወትሮው አብልጦ ይጨርሳል። የመመርመሪያ መሣሪያ ሲገናኝለት የማቀዝቀዣው ውኃ ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን ይናገራል። ይህ በአዲስ አበባ ሊሆን አይችልም። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» የሚል ነው፤ አዲስ ይገዛል። ችግሩ ካልተወገደ ሌላ ዕቃ ይለወጣል። ባለመኪናው የሚከፍለው ለጥገና ሳይሆን ለግምት ነው።

ወቀሳውን ለመካኒኮች ብቻ ልንተወው አይገባም። የኦምን ሕግ በሰሌዳ ላይ ጽፈን የምናልፍ መምህራንም ድርሻ አለብን።

ሴንሰሩ ሙቀት ሲጨምር ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ቴርሚስተር ነው። ይህን ጠባይ ማይክል ፋራዳይ በብር ሰልፋይድ ላይ ያስተዋለው በ1833 እ.ኤ.አ. ነበር። በተለመደ ሴንሰር ሬዚስታንሱ በ20 ዲግሪ 2500 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ 300 ኦም ገደማ ነው። የሞተሩ ኮምፒዩተር 5 ቮልት በውስጡ ባለ ቋሚ ሬዚስተር በኩል ይልክና በሴንሰሩ ላይ የሚያርፈውን ቮልቴጅ ያነባል። ቋሚው 2500 ኦም ነው ብንል፣ በ20 ዲግሪ 2.5፣ በ80 ዲግሪ 0.5 ቮልት ያህል ይነበባል። መስመሩ ከተበጠሰ ግን ኮረንቲ አይፈስም፤ 5 ቮልቱ በሙሉ ይነበባል። ኮምፒዩተሩ ይህን እንደ ከባድ ብርድ ቆጥሮ ቤንዚን ይጨምራል።

የተበጠሰው ሴንሰሩ ነው ወይስ ሽቦው? ባለሁለት ሽቦ ሴንሰር ከሆነ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍቶ፣ መሰኪያውን ነቅሎ ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ማገናኘት ይበቃል። በምሳሌያችን የሚፈሰው ኮረንቲ 2 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ንባቡ ወደ ከፍተኛ ሙቀት ከዘለለ ሽቦውና ኮምፒዩተሩ ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ የሴንሰሩ ወይም የመሰኪያው ነው። ካልተንቀሳቀሰ ግን ጥፋቱ ከሴንሰሩ ወዲህ ነውና አዲስ ሴንሰር መግዛት ከንቱ ነው።

«ለውጦ ማየትም ሙከራ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ወጪው ከሌላ ሰው ኪስ የሚወጣ ሙከራ ነው። በእኛ እምነት ጥሩ ሙከራ ማለት ሁለት ግምቶችን በትንሽ ወጪ የሚለይ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን አንድ ቴርሚስተር በቀዝቃዛና በሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረው በገዛ እጃቸው ይለኩ። ያን ጊዜ የኦም ሕግ ለፈተና የሚሸመደድ ቀመር መሆኑ ቀርቶ የፍርድ መሣሪያ ይሆናቸዋል።