ለሐራ ገበያ ትኬት ስንት ነው?

ወልድያ መናኸሪያ በር ላይ ቆመህ «ባቡር ጣቢያው በየት በኩል ነው?» ብለህ ብትጠይቅ ረዳቱ መጀመሪያ ይስቅብሃል። ቀጥሎ እጁን ወደ ምሥራቅ ዘርግቶ፣ «ሐራ ነዋ! ግን ምን ልታደርግ?» ይልሃል። ልጁ እውነቱን ነው። ምን ልናደርግበት ነው?

ነገሩን ከሥሩ እናንሣው። በ2004 ዓ.ም. ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርስ፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር እንዲሠራ ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር ውል ተፈረመ። ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነበር። አብዛኛው ብድር ነው፤ ባቡሩ ሄደም አልሄደም ይከፈላል። ሥራው በየካቲት 2007 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ላይ በይፋ ተጀመረ። ሐራ ደግሞ ተራ ማብቂያ አልነበረችም፤ ከዚያ ወደ መቀሌ የሚወጣውን ቻይናዎች ይዘውት ነበር፣ በአፋር በኩል ታጁራ ወደብ የሚወርድም ታቅዶ ነበር። ሦስት መንገድ የሚገጥምበት ጣቢያ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ሐዲዱ ተዘረጋ፣ ተራራው ተበሳ፣ ኤሌክትሪኩ ግን አልመጣም። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ሠርተን ኤሌክትሪኩን ረሳነው! ይኼ በቅሎ ገዝቶ ኮርቻ እንደመርሳት እንኳ አይደለም፤ ኮርቻ ቢጠፋ ባዶ ጀርባ ይጋለባል። ከኮምቦልቻ ወደ ሐራ ያለው ደግሞ ሳያልቅ ቆመ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች፤ የባቡሩም ንብረት ተዘረፈ፣ ተሰባበረ። ይህን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ጦርነቱን ለሁሉ ነገር መልስ ማድረግ ለምደናል። ውሉ ከተፈረመ እስከ ወልድያ መያዝ ድረስ ዘጠኝ ዓመት አለ። እነዚያን ዘጠኝ ዓመታትስ ማን ዘረፋቸው?

አንድ የተማረ ወዳጄ፣ «ባቡር ለጭነትና ለወደብ ነው፤ ለሀብሩ ገበሬ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመጣው መርሳን በመኪና መስኮት ብቻ ካየ ሰው ነው። የመርሳ ማንጎና ፓፓያ፣ በግራና መስኖ የሚበቅለው ሽንኩርትና ቲማቲም እስኪጫን አይጠብቅም፤ ይበሰብሳል። ደላላው ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ከወልድያ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያን መንገድ በአይሱዙ ጀርባ የተጓዘ ቲማቲም ሲወርድ ምን እንደሚመስል ሻጮቹን ጠይቋቸው። ድሬዳዋስ ቢሆን በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ምን ነበረች? ሐዲዱ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስላቃተው ከግርጌው ቆመ፤ ጣቢያው ዙሪያ ከተማ በቀለ። ሐራም ከደጋው ግርጌ፣ ከአፋር ቆላ አፋፍ ያለች ገበያ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት አለኝ። የዱሮዎቹ ለገሀርን በ1922 ዓ.ም. ሲሠሩ ከከተማው ልብ ጋር አገናኟት። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ግን ተሳፋሪውን ፉሪ ለቡ ያራግፈዋል፤ ሻንጣ ተሸክሞ ታክሲ ፍለጋ ሌላ ጉዞ ነው። ሐራም ከወልድያ ወጣ ያለ ነው። ጣቢያው እንደገና ይሠራ ሲባል ግድግዳ መለሰን ብቻ ከሆነ ይቅርብን። ከወልድያና ከመርሳ አውቶቡስ የሚያደርስበት፣ የገበሬው ዕቃ ከፀሐይ የሚጠለልበት፣ ሰውም የሚሳፈርበት ይሁን። ከዚያ በፊት ደግሞ ምን ያህሉ እንደቀረ፣ ስንት ብር እንደሚፈልግ፣ መብራቱን ማን መቼ እንደሚያስገባ ለሕዝቡ በአደባባይ ይነገረው። ዕዳው የሱ ነው፤ ማወቅ ያንሰዋል?

እስከዚያው ለሐዲዱ መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ከብቶቹን እዚያው ቁልል አፈር ላይ ቢያሰማራ አትቆጡት። ከፕሮጀክቱ ጥቅም ያገኘ ብቸኛ ሰው ሳይሆን አይቀርም።