ለእንግዳ ዓይን የሚገዛ ሶፋ

አዲስ ቤት የሚያደራጅ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው ለሳሎኑ ነው፤ ለሳሎኑም ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ሶፋ ነው። ምክር ሲጠየቅ ዘመድም፣ ጎረቤትም፣ ሻጭም ተመሳሳይ መልስ ይሰጣል፦ አቅም ካለ ሌዘር፣ ከሌለ ጨርቅ። ሌዘር የክብር፣ የጥንካሬና የንጽሕና ምልክት ሆኗል፤ ጨርቅ የአቅም ማነስ ማሳያ ተደርጎ ተቆጥሯል። ይህ አመለካከት የተሳሳተ ነው። ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት የቆጠበውን ገንዘብ አውጥቶ ጥቂት ክረምት እንኳ ሳይሻገር የሚላጥ ዕቃ እንዲገዛ ያደረገው ይኸው አመለካከት ነው። ለአብዛኛው የከተማ ቤታችን በጠንካራ እንጨት ላይ የተሠራ፣ ልብሱ ወልቆ የሚታጠብ የጨርቅ ሶፋ በሌዘር ስም ከሚሸጠው ይበልጣል። ቆዳ የሚፈልግ ደግሞ ቆዳ መሆኑን አረጋግጦ ይግዛ።

በመጀመሪያ የምንነጋገርበትን ዕቃ እንለየው። በየመሸጫው ሌዘር እየተባለ ከሚቀርበው ሶፋ ብዙው ከከብት የወጣ ቆዳ የለበትም። ከሥር ስስ ጨርቅ አለ፤ በጨርቁ ላይ ፒቪሲ ወይም ፖሊዩሪቴን የተባለ ፕላስቲክ ተቀብቷል፤ በፕላስቲኩ ላይ የቆዳ መልክ ታትሟል። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ስለሆነ ማለስለሻ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ማለስለሻው ከጊዜ ጋር እየወጣ ሲያልቅ ልብሱ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ፖሊዩሪቴን ደግሞ እርጥበት፣ ሙቀትና ላብ ሲፈራረቅበት ውስጡ እየፈረሰ ከጨርቁ ይላቀቃል፤ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይረግፋል። መላጡ የሚጀምረው ሰው አዘውትሮ በሚቀመጥበት፣ ክንድ በሚያርፍበትና ራስ በሚደገፍበት ቦታ ነው። አንዴ ከጀመረ የሚያቆመው የለም፤ ቀለም ቢቀቡት፣ ማጣበቂያ ቢያስገቡበት ተመልሶ ይነሣል። ልብሱን በሙሉ ማስቀየር ግድ ይሆናል። የቆዳ ፋብሪካ ቁርጥራጭና ብናኝ በማጣበቂያ ተጋግሮ፣ ላዩ ፕላስቲክ ተቀብቶ የሚሠራም አለ። ሻጩ ቆዳ አለበት ሲል እውነቱን ነው፤ ገዢው የሚቀመጥበት ግን ፕላስቲኩ ላይ ነው፤ ሲላጥም ከሌላው አይለይም።

መለየት ከባድ አይደለም። ትራሱን ከፍቶ ወይም ከሶፋው ሥር ጎንበስ ብሎ የልብሱን ጀርባ ማየት ይበቃል። የቆዳ ጀርባ በጣት ሲነካ የሚሻክር የሥጋ ወገን ነው፤ የሰው ሠራሹ ጀርባ ግን ጨርቅ ነው። ዋጋም ምስክር ይሆናል። አንድ ሙሉ ሶፋ ለማልበስ የበርካታ ከብቶች ቆዳ ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ቆዳ ተለፍቶ፣ ቀለም ገብቶ፣ እንከኑ እየተለየ ተቆርጦ፣ ከጨርቅ ሶፋ ጥቂት ብቻ በሚበልጥ ዋጋ ሊሸጥ አይችልም።

ይህ ጉዳይ ሌላ አገር ለገዢው ዓይን ብቻ አልተተወም። ኢኤን 15987 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ምን ዓይነት ዕቃ ቆዳ ሊባል እንደሚገባ ይተረጉማል፤ በቆዳው ላይ የሚቀባው ሽፋንም ከ0.15 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይወስናል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ ከእንስሳ ያልተገኘን ነገር በቆዳ ስም መሸጥን ከልክላለች፤ ከስሙ ጋር ሌላ ቃል መጨመርም ከክልከላው አያድንም። በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። መብቱ ተጽፏል፤ በሶፋ መሸጫዎች ውስጥ ግን ልብሱ ከምን እንደተሠራ የሚናገር ወረቀት ተለጥፎ ማየት ብርቅ ነው።

እውነተኛ ቆዳን አልነቅፍም። በወጉ የተለፋ የከብት ቆዳ ከዕድሜ ጋር እያማረ ይሄዳል፤ በእንክብካቤ ከያዙት ከብዙ ጨርቅ ይልቅ ረጅም ዘመን ያገለግላል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ቁርበት አንጥፈው ተኝተዋል፣ እንግዳ በአጎዛ ላይ አስቀምጠዋል፣ አልጋቸውን በጠፍር ወጥረዋል። ቆዳ ግን ተንከባካቢ ይፈልጋል። ፀሐይ በቀጥታ ከመታው ይደርቃል፣ ቀለሙም ይለቃል። በረኪናና ኃይለኛ ሳሙና ከነካው ሽፋኑ ይበላሻል። በለሰለሰና ጥቂት በረጠበ ጨርቅ መጠረግ፣ በየጊዜውም ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ቅባት መቀባት ይፈልጋል። በራስ ቅቤና በጸጉር ቅባት የወዛ ጸጉር በየቀኑ ከተደገፈው የራስጌው ቀለም ይጎዳል። የድሮ እመቤቶች በሶፋ መደገፊያ ላይ ዳንቴል ጣል ያደርጉ የነበረው ለጌጥ ብቻ እንዳልነበር እዚህ ላይ ይታያል። ይህን ሁሉ ማድረግ የሚችል ቤት ቆዳ ይግዛ፤ ገንዘቡን አላባከነም።

የአየሩንም ነገር አንርሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አብዛኛው ቤታችን ማሞቂያ የለውም። በሐምሌ ማለዳ ፕላስቲክ የለበሰ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ቅዝቃዜው እስኪለቀው ድረስ ጋቢውን እየሳበ ይቆያል። በድሬዳዋ፣ በሰመራና በጋምቤላ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ላብ መውጫ ስለሌለው ልብስና ገላ ከሶፋው ጋር ይጣበቃል። ጨርቅ በደጋው አይቀዘቅዝም፣ በቆላው አየር ያሳልፋል። ደጋም ቆላም ባለበት አገር ለሁለቱም የማይመች ዕቃ የመልካም ቤት መለኪያ መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሶፋውን ለማን እንደምንገዛው ነው። ብዙ ቤት ሌዘር ይገዛል፤ ከዚያ እንዳይበላሽ በጨርቅ የሶፋ ልብስ ይሸፍነዋል፤ አንዳንዱም ከፋብሪካ ሲወጣ የለበሰውን ላስቲክ እንኳ አይገፍለትም። ልጆች እንዳይወጡበት ይከለከላሉ፤ እናት ከሥራ ደክማ ስትመጣ ጎኗን የምታሳርፈው ሶፋው ላይ ሳይሆን ጓዳ ባለው አሮጌ ፍራሽ ላይ ነው። ሶፋው የቤቱ ሰው ከፍሎበት የእንግዳ ንብረት ይሆናል። እንግዳ ማክበር ትልቅ ባህላችን ነው፤ ሊቀጥል የሚገባውም ነው። ነገር ግን እንግዳ የሚከበረው በብሩህ ፊት፣ በማዕድና በቡና ነው። አብዛኛውን ጊዜ የማይመጣን ሰው ዓይን ለማስደሰት በየቀኑ በቤቱ የሚኖረውን ሰው ምቾት መንሳት አክብሮት አይደለም። ጨርቅ ሸፍኖ ሌዘር ላይ የሚቀመጥ ቤተሰብ በተግባር ጨርቅን መርጧል፤ ዋጋውን ግን ለሁለቱም ከፍሏል።

የሌዘር ወገኖች የሚያነሡት ከባድ ክርክር ንጽሕና ነው፤ ችላ ሊባልም አይገባውም። ወጥ ሲደፋ፣ ቡና ሲፈስ፣ ሕፃን ሲያቆሽሽ ሌዘር በአንድ ጊዜ ይጠረጋል። ጨርቅ አቧራ ይይዛል፤ የእጣንና የወጥ ሽታ ይቀርበታል፤ ትኋን ከገባ በስፌቱ መሐል ይደበቃል። በቤቱ ውስጥ አስም ወይም የአቧራ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ የሚጠረግ ልብስ በእርግጥ ይሻለዋል፤ ለዚህ ቤት ምክሬ ቆዳ ነው፣ ካልተቻለም እንደሚላጥ አውቆ የሚገዛ ሰው ሠራሽ። ለሌላው ቤት ግን መልሱ የልብሱ አሠራር ነው። የመቀመጫውና የመደገፊያው ትራስ በዚፕ የሚወልቅ ልብስ ካለው፣ ቆሻሻው ከመጥረግ አልፎ በውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲያረጅ በትንሽ ወጪ ሌላ ይሰፋለታል። በሶፋው ላይ ተሰፍቶና ተመትቶ የቀረ ጨርቅ ይህን ሁሉ አይፈቅድም። ስለዚህ የጨርቅ ሶፋ የሚያዝ ሰው ስለ ቀለሙ ከመጠየቁ በፊት ልብሱ ይወልቅ እንደሆነ ይጠይቅ። ታጥቦ እንዳይሟሽሽ ጨርቁ ቀድሞ መታጠቡንም ያረጋግጥ።

የጨርቅም ጥንካሬ በመላ ምት የሚታወቅ አይደለም። ማርቲንዴል የሚባል መለኪያ ጨርቅ በማሽን እየታሸ ስንት ዙር እንደሚችል ይቆጥራል፤ ለመኖሪያ ቤት ሶፋ ከ15,000 ዙር በላይ፣ ልጅ ለሚበዛበት ቤት ከ25,000 በላይ የሚችል ጨርቅ ይመከራል። ከውጭ የሚገባ የሶፋ ጨርቅ ይህን ቁጥር ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የሚጠይቅ ገዢ ከበዛ ሻጩም ይዞ መቅረብ ይለምዳል።

ሌዘርና ጨርቅ ስንል የረሳነው ደግሞ ከልብሱ ሥር ያለው ነው። ሶፋ የሚቆመው በእንጨቱና በስፖንጁ ነው። በቅጡ ሳይደርቅ የተሠራ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ መጋጠሚያው ይላቀቅና ሶፋው መንጫጨት ይጀምራል። ቺፕውድ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ምስማር መያዝ ያቅተዋል። የደረቀ ዋንዛ ወይም ሌላ ጠንካራ እንጨት ግን ልብስ እየተቀየረለት ትውልድ ያገለግላል። ለመቀመጫ የሚሆን ስፖንጅም በሜትር ኩብ ቢያንስ 30 ኪሎ ግራም ያህል መመዘን አለበት፤ ከዚያ የቀለለው ቶሎ ይሰረጉዳል። ለሌዘሩ መልክ የሚወጣው ትርፍ ገንዘብ ወደ እንጨቱና ወደ ስፖንጁ ቢዞር ቤተሰቡ ብዙ ዓመት ይቀመጥበታል።

በመጨረሻ የሚያንገበግበኝን ልናገር። ኢትዮጵያ በከብት ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ የቀንድ ከብቷ ብቻ ከ60 ሚሊዮን በላይ ነው። የበጋችን ቆዳ ለእጅ ጓንት ተፈላጊ ሆኖ በዓለም ገበያ ታውቋል፤ ሞጆ በቆዳ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ናት። ሆኖም ባለፉት ዓመታት በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ማግሥት የሚገዛው አጥቶ በየመንደሩ የተጣለ ቆዳ አይተናል። በእርባታው እከክ፣ በአገፋፈፉ ቢላዋ፣ በአጠባበቁ ጉድለት የተበላሸው ብዙ ነው። የአገሩን ቆዳ መንገድ ላይ ጥሎ፣ የቆዳ መልክ የታተመበትን ፕላስቲክ በውጭ ምንዛሪ አስገብቶ ክብር ነው ብሎ የሚቀመጥበት ሕዝብ ምርጫውን እንደገና ሊመረምር ይገባዋል።

ስለዚህ የደረጃ ተቋማት የሶፋ ልብስ ከምን እንደተሠራ በግልጽ እንዲጻፍ ያስገድዱ። ሻጮች ሰው ሠራሹን ሰው ሠራሽ ብለው ይሽጡ፤ የሚገዛው አይጠፋም። አንባቢዬ ሆይ፣ አንቺም ሶፋ ለመግዛት ስትወጪ፣ አንተም ቀብድ ከመክፈልህ በፊት፣ የልብሱን ጀርባ እዩ፣ እንጨቱን ጠይቁ፣ ስፖንጁን አስመዝኑ፤ ከዚያም በየቀኑ በቤታችሁ ለሚቀመጠው ሰው የሚስማማውን ግዙ።